ትናንሽ ጀልባዎችን ስለማስመጣት

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ቡናና የማገዶ እንጨት ሲያመላልስ የኖረው የደንገል ታንኳ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ደንገሉ ራሱ ባሕር ተሻግሮ ያውቃል፤ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. የተጓዘበትን ራ የተባለውን መርከብ ያሠራው ከጣና ዳር በተቆረጠ ደንገል ነበር። ይሁን እንጂ ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ለመዝናናት የመጣ እንግዳም ልብሱ እንዲርስ አይወድም። በቢሾፍቱ፣ በላንጋኖና በሐዋሳ ሐይቆች ሰንበትን ለሚያሳልፉ ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዘው ቀላል ካያክ ተስማሚ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አስመጪው ግን አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ጠንካራው የፕላስቲክ ካያክ ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው፤ የመርከብ ጭነት ኪራይ ደግሞ ለቀላል ዕቃ የሚታሰበው በሚዛኑ ሳይሆን በሚይዘው ስፍራ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ከፋብሪካው እስከ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲም እስከ አዲስ አበባ ነፋስ አስጭኖ ይከፍላል ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህን ያህል ዶላር ለነፋስ ማውጣት የሚያዋጣ አይመስልም። በአየር የሚነፋው ግን ተጣጥፎ በሻንጣ ይገባል፤ አንድ ሰውም ተሸክሞት እስከ ሐይቁ ይወርዳል። በእርግጥ እሾህና ስለታም ድንጋይ ይጎዱታል፤ መጣፊያና ማጣበቂያ አብሮ ያላቀረበ ባለሱቅ ደንበኛው ሳይመለስለት ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው ጀልባውን ሽጦ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ «ከፈለገ ለብቻው ይግዛ» ማለት ነው። የሐይቅ ጸጥታ የጧት ነው፤ ከቀትር በኋላ በጣናም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነፋስ ይነሣል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብና በሐዋሳ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ እንዲህ ያለችውን ቀላል ጀልባ ለመገልበጥም አይቸገርም። ስለዚህ ሰደርያው ከጀልባው ጋር በአንድ ዋጋና በአንድ ደረሰኝ ሊሸጥ ይገባል። ዋጋው ከፍ በማለቱ ጥቂት ገዢ ይሸሽ ይሆናል፤ ይሽሽ።

በባሕር ዳር ጀልባ ለማከራየት ያሰበ ነጋዴም አዲስ ሠራተኛ ከሩቅ ከመፈለግ ይልቅ ታንኳ በማሰር የሚታወቁትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ሸሪክ ቢያደርግ ይጠቀማል። ነፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሣ፣ ጉማሬው የት እንደሚውል፣ እምቦጭም የትኛውን ዳርቻ እንደያዘ ከእነርሱ የተሻለ የሚነግረው አያገኝም።