ከቀይ ባሕር በፊት ወንዝ ዳር

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 የባሕር በር ጉዳይን በይፋ ካነሱ ወዲህ ስለ አሰብ ያልተከራከረ ሰው የለም። ጥያቄው ነውር የለበትም። ኤርትራ ከተለየችበት ከ1985 ጀምሮ ወደብ አልባ የሆነ አገር ስለ ወደብ ቢያስብ አይፈረድበትም። ኡኬ ተቀምጦ ይህን ክርክር በሬዲዮ የሚሰማ አባወራ ግን ከዚህ የቀረበ ጥያቄ አለው፦ ልጆቹን ይዞ በጫካው አቋርጦ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ አመሻሽ ላይ በሰላም የሚመለሰው መቼ ነው?

ኡኬ ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከነቀምቴ ብርድ ወደ አንገር ሸለቆ ሙቀት ሲወረድ ትገኛለች። አንገር ዴዴሳን ይቀላቀላል፣ ዴዴሳም አባይን። ሾላና ዶቅማ በወንዝ ዳር በሚበቅሉበት በዚህ አገር፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ ውኃ መውረድ ከውጭ የመጣ የሽርሽር ፋሽን አይደለም። ኢሬቻ መልካ ምንድን ነው? እርጥብ ሣር ይዞ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ ውኃ ዳር መውረድ ነው። የጥምቀት ታቦትም የሚወርደው ወደ ውኃ ነው። በሁለቱም ቀን መንገዱን የሚሞላው ቤተሰብ ነው።

ያ መንገድ ነው የተዘጋው። የነቀምቴ ቡሬ መስመር በግጭቱ ዓመታት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በሚያዝያ 2015 እና በኅዳር 2016 ታንዛኒያ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ጊዜ ያለ ስምምነት ተነሡ። የአንዱ ወገን መግለጫ ሌላውን ከሰሰ፣ አለቀ። ገበሬው ኦሮሞም ይሁን አማራ በመካከል ቀረ።

«ሰው እየሞተ ስለ ሽርሽር ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ይወራል እንጂ! ባለሥልጣናት «አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል» ሲሉ የሚቆጥሩት የተመለሰ ተፈናቃይ፣ የተከፈተ ትምህርት ቤት፣ የተማረከ መሣሪያ ነው። እነዚህ በሪፖርት ሊያብጡ ይችላሉ። እናት ልጇን ዶቅማ ልቀም ብላ ወደ ጫካ መላኳ ግን በሪፖርት አይፈበረክም፤ ወይ ትልካለች ወይ አትልክም።

ሌላም ነገር አለ። በ«ገበታ ለአገር» ወንጪና ጎርጎራ ውኃ ዳር ያማሩ ማረፊያዎች ተሠርተዋል፣ ይበል ያሰኛል። ነገር ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ከነሚስቱና ከአራት ልጆቹ እዚያ ሊያድር አይችልም። ለኡኬ ቤተሰብ ሎጅ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ያልተቆረጠ ጥላ፣ ለከሰል ያልነደደ የወንዝ ዳር ዛፍና ኬላ ላይ «ወዴት ነው?» የማይባልበት የእግር መንገድ ነው። ለዚህ ደግሞ ጨረታ አይወጣም፤ የሚፈልገው ከዳሬሰላም ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ሁለቱ ወገኖች እንደገና መቀመጣቸውን ነው።