ግሪሳን ከድንቢጥ ስለ መለየት

ማሽላ ማሸት በጀመረ ጊዜ፥ ከአዳማ አንሥቶ እስከ መቂና ባቱ (ዝዋይ) ባለው የስምጥ ሸለቆ ልጆች ወንጭፋቸውን ይዘው ማማ ላይ ይወጣሉ። ድካማቸው የተገባ ነው፤ አንዲት ግሪሳ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ታጠፋለችና፥ መንጋው እልፍ አእላፍ ሆኖ የወረደ እንደ ሆነ የገበሬው የዓመት ጕልበት በጥቂት ቀን ባዶ ይቀራል። ነገር ግን ቡናማ ላባ ያላትን ወፍ ሁሉ ግሪሳ ብሎ መግደል ፍርድ ማጓደል ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ምልክታቸውን እንጽፋለን።

በቤታችን ክዳን ሥር የምትኖረው ድንቢጥ ራስዋ ግራጫ፥ ጀርባዋም መስመር የሌለበት ዳማ ነው። በግራር ላይ ጎጆ የምታንጠለጥለው የሸማኔ ወፍ እንስት ደግሞ ወደ ቢጫነት ያደላ ላባ አላት። እነዚህም እህል ይቀምሳሉ፤ ዳሩ ግን እንደ ግሪሳ በእልፍ ሆነው አይወርዱም። የግሪሳ ጀርባ በቡናማና በጥቁር መስመር የተዥጐረጐረ ነው፤ ምንቃርዋም አጭር፥ ወፍራምና ቀይ ነው። በመራቢያው ወራት የወንዱ ፊት ይጠቍራል፥ አልፎ አልፎም ይነጣል፤ የእንስቲቱ ምንቃር ግን ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ዕድሜዋም እንዲሁ ይታወቃል። ከጎጆ አዲስ የወጣችው በላባ እናትዋን ትመስላለች፤ ምንቃርዋ ግን የቀንድ መልክ እንጂ ቀይ አይደለም። ከ2 እስከ 3 ወር ሲሆናት የፊተኛውን ላባ ትጥላለች፤ የክንፍዋ ላባ ጠርዝ ግን ገና የገረጣ ነው። በ5 ወር ገደማ እንደ ገና ላባ ለውጣ ታላላቆቹን ወደ መምሰል ትደርሳለች።

ይህ ዕውቀት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ምንቃራቸው ቢጫ የሆነ እንስቶች ከታዩ መራቢያቸው መድረሱን፥ የቀንድ መልክ ያላቸው ከበዙም አዲስ ትውልድ መውጣቱን ያስረዳል። ግሪሳ በዚሁ ሸለቆ በአንድ ዓመት ውስጥ ስፍራ እየለወጠች ደጋግማ እንደምትራባ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል። እንግዲህ ገበሬው ያየውን ቀድሞ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያስታውቅ መከላከሉ በጊዜው ይሆናል። መርዝ ከተረጨ በኋላ ግን መርዙ ግሪሳን ከሸማኔ ወፍ አይለይም፤ የወደቁትንም ወፎች ልጆች አንሥተው እንዳይበሉ መጠበቅ ግድ ነው።

ጌታችን ድንቢጥ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደማትረሳ በወንጌል አስተምሮናል። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ወደ ማማ ስትሰዱ ከወንጭፉ ጋር ይህን ምልክት አስይዙት። እህሉን ይጠብቅ፤ የግሪሳንም ዕዳ በድንቢጥ ላይ አይጫን።