ገበያው ብቻውን ለድሃ ቤት አይሠራም

«የከተማ አስተዳደር ከቤት ግንባታ እጁን ያውጣ፤ ገበያው ይበቃል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ታትሞ አነበብሁ። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ቤቶች መርሐ ግብር ድክመት ነው። ድክመቱን አልክድም፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም።

በ1997 ዓ.ም. ለቤቶቹ ተመዝግበው ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣም መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዟል። ይህ የቁጥጥር ጉድለት ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ለቤት መዋሉ ስሕተት መሆኑን አያሳይም። ሌባ ገባ ተብሎ ጎተራ አይቃጠልም።

ለመሆኑ ገበያው ለማን ገነባ? የግል አልሚ አትርፎ መሸጥ አለበትና ዓይኑ ከፍ ያለ ገቢ ባለው ላይ ነው። የጀሞና የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች የተገነቡት ግን አስተዳደሩ በቦንድ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባገኘው ገንዘብ ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ባለዕድለኛው 20 በመቶውን ከቁጠባው ከፍሎ ቀሪውን በረጅም ጊዜ ብድር ይከፍላል። ከሥር ያሉት ሱቆች በጨረታ መሸጣቸውም የመኖሪያውን ወጪ ደግፏል።

ደግሞስ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መሬቱን በሊዝ የሚያስተላልፈው አስተዳደሩ ራሱ ሆኖ ሳለ ከጉዳዩ ሊወጣ አይችልም። ጥያቄው በጀቱና መሬቱ ለማን ያድላ የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት ከሊዝ ገቢው የተወሰነውን ድርሻ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የኪራይ ቤቶች በሕግ ይመድብ፤ የተመዝጋቢዎቹም መዝገብ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ ለሕዝብ ይገለጥ።