መጨረሻ የሚወጣው ማን ይሁን?

ባለፈው ቅዳሜ ተጣላን። የተጣላነው በፖለቲካ አይደለም። በብድርም አይደለም። በማንቼና በአርሴናልም አይደለም። የተጣላነው በሄቪ ሜታል ነው!

አምስት ሆነን ማኪያቶ ቤት ተቀምጠናል። ከመካከላችን አንዱ ድንገት፣ «እስቲ ፌስቲቫል አዘጋጁ ተብላችሁ ሥልጣን ቢሰጣችሁ፣ ፓወር ሜታል የሚጫወቱ ባንዶችን ብቻ ጠርታችሁ፣ የቅዳሜን ማታ መዝጊያ ለማን ትሰጡታላችሁ?» አለ። ጥያቄዋ ስትታይ ቀላል ናት። ሦስት ሰዓት ፈጀች። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፤ አስተናጋጇ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ አመጣች፤ አንዳችን «ከእናንተ ጋር አይወራም» ብሎ ጃኬቱን ለበሰና ተለምኖ ተቀመጠ።

ልብ በሉ፤ ከአምስታችን ፌስቲቫል የማዘጋጀት ሥልጣን ያለው የለም። ሥልጣኑ ይቅርና ሄዶ ለማየት እንኳ ቪዛ ያለው የለም። ግን ኳስ የሚያይ ሁሉ አሰልጣኝ አይደል? እኛም በዚያች ቀን የአውሮፓን መድረክ አሰልጥነን ወጣን። ወደ ቤት ስንሄድ ግን አንድ ነገር ገባን፤ የተጣላነው በባንዶች ስም አልነበረም። የተጣላነው ክብር ለማን፣ ዕድልስ ለማን ይገባል በሚለው ነው።

መጀመሪያ ለማያውቁት እናስተዋውቅ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። ፓወር ሜታል የሄቪ ሜታል ልጅ ነው። ከአባቱ የጊታሩን ጉልበት ወስዷል፤ ጨለማውን ግን ትቶለታል። ከበሮው በሁለት እግር ይረገጣል፤ ጊታሩ ይሮጣል፤ ድምፃዊው ጣሪያ የሚነካ ድምፅ ያወጣል፤ ያውም እየጮኸ ሳይሆን እየዘፈነ። ግጥሙ ስለ ሰይፍ፣ ስለ ዘንዶና ስለ ጀግና ነው። የሚስቁብን አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም አንዳንዴ እንስቃለን። ግን ፈተና ወድቀን በመጣንበት ቀን ከአልጋ ያስነሳን ሌላ ሙዚቃ የለም።

ፈረንጆቹ ‹ሄድላይነር› የሚሉት ደግሞ ስሙ በፖስተሩ አናት ላይ በትልቁ የሚጻፈውን፣ ከሁሉ መጨረሻ የሚወጣውን፣ መብራቱም እሳቱም ደቂቃውም የሚበዛለትን ባንድ ነው። ለክርክራችን ሜዳ ያደረግነው ቫከንን ነው። ቫከን በሰሜን ጀርመን ያለ የሁለት ሺህ ሰው ያህል መንደር ነው። ፌስቲቫሉ በ1990 ሲጀመር የመጣው ሰው ስምንት መቶ ገደማ ነበር። አሁን በእኛ ሐምሌ ማገባደጃ ላይ ሰማንያ አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ የላሞቹን መስክ ይሞላዋል። በ2023 ዝናቡ መስኩን ረግረግ አድርጎት፣ በመንገድ ላይ ያሉትን «አትምጡ፣ ተመለሱ» እስከማለት ደርሰው ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ ለቀናት የቆመ ሕዝብ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ማን ቢወጣለት እግሩን ይረሳል? ጥያቄው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ወገን ቆርጦ የተነሳው «ሄሎዊን!» ብሎ ነው። ምክንያት አለው። ይህ የሃምቡርግ ባንድ በ1987 እና በ1988 «ኪፐር ኦፍ ዘ ሰቨን ኪይስ» ብሎ ያወጣቸው ሁለት አልበሞች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ፓወር ሜታል የምንለውን ነገር በዚህ መልኩ አናውቀውም ነበር። ከዚያ ግን ቤቱ ፈረሰ። ጊታር ተጫዋቹ ካይ ሃንሰን ወጥቶ ጋማ ሬይን መሠረተ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የገባው ድምፃዊ ማይክል ኪስከ በ1993 ተለያቸው። በእሱ ቦታ አንዲ ዴሪስ ገባ። ከዚያ ወዲህ አድናቂው ለሁለት ተከፈለ፤ «የኪስከ ዘመን ይሻላል»፣ «የዴሪስ ዘመን ይሻላል» ሲባባል ሃያ ዓመት አለፈ። በ2017 ምን አደረጉ? አንዱን አውጥተው ሌላውን አላስገቡም። ሦስቱንም ይዘው ሰባት ሰው ሆነው መድረክ ላይ ወጡ! በ2021 በባንዱ ስም ብቻ የሰየሙት አልበም በጀርመን የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። «ይህን ያደረገ ባንድ ካልዘጋ ማን ይዝጋ?» ይላል ይህ ወገን።

ይህ ወገን ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር ያነሳል። የብራዚሉ አንግራ የመጀመሪያ ድምፃዊ አንድሬ ማቶስ በ2019 በአርባ ሰባት ዓመቱ አረፈ። ከቀድሞ ጓደኞቹ ጋር አንድ ቀን አብሮ ሲዘፍን ለማየት ስንቱ ሲመኝ ነበር! ቀረ። «ሰውን ቆሞ ሳለ አክብሩት» የሚሉት ለዚህ ነው። ኦዚ ኦዝቦርንም አለ። ፓወር ሜታል ባይሆንም የሁሉም አባት ነውና እናንሳው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2025 በተወለደባት በርሚንግሃም፣ መቆም ስላቃተው ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ከብላክ ሳባዝ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ዘፈነ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሞተ። ያን ማታ ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው ይውጣ የሚል ደፋር ከመካከላችን የለም።

ሁለተኛው ወገን «ብላይንድ ጋርዲያን» አለ። የክሬፌልድ ልጆች ናቸው። ከበሮ መቺያቸው በ2005 ቢለያቸውም፣ ሃንሲ ኩርሽና ሁለቱ ጊታር ተጫዋቾች ከ1980ዎቹ ጀምሮ አልተለያዩም። በ1998 የቶልኪንን «ሲልማሪሊየን» ተመርኩዘው አንድ ሙሉ አልበም ሠርተዋል። የእነሱ ደጋፊ የሚያነሳው ነጥብ አጭር ነው፤ ሃንሲ ዝም ብሎ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ቢያዞር ሕዝቡ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፍንለታል። መዝጊያ ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሦስተኛው ወገን «ሳባተን» ሲል ግን ጠረጴዛው ተገለበጠ ማለት ይቻላል። «ፓወር ሜታል አይደሉም!» «ናቸው!» «ዘንዶ የታለ?» «ታንክ አለ!» (ሳባተኖች የሚዘፍኑት ስለ እውነተኛ ጦርነቶች ነው።) በ1999 በስዊድኗ ፋሉን የተመሠረቱት እነዚህ ልጆች ከ2008 ጀምሮ በራሳቸው ከተማ የራሳቸውን ፌስቲቫል አቋቋሙ። በ2019 ደግሞ ሃያኛ ዓመታቸውን ያከበሩት በቫከን ሄድላይነር ሆነው ነው። ዘንዶ ኖረም አልኖረም፣ ይህ እውነት ነው።

ከመካከላችን ትንሹ «ድራገንፎርስ» ብሎ ስንስቅበት ተናደደ። የለንደኑ ባንድ በ2007 በወጣው «ጊታር ሂሮ 3» ጌም ላይ የገባ አንድ ዘፈን አለው፤ የስንቱን ልጅ ጣት እንዳደማ እሱ ያውቀዋል። በመድረክ ላይ እንደ አልበሙ አይጫወቱም ተብለው ብዙ ተወቅሰዋል፤ ወቀሳው ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ግን ትንሹ ያለን ነገር ዝም አሰኘን፤ «እናንተ በሄሎዊን ገባችሁ፤ እኔ በጌም ገባሁ። ያው አንድ ቤት ውስጥ ነን።» ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «እኔም ሮክን የለመድኩት በእኛው በጃኖ ባንድ ‹ኤርታሌ› ነው፤ በየትኛው በር እንደገባሁ ማን ጠየቀኝ?» አለች። በሩን መቁጠር የትም አያደርስም።

እሺ፣ ፍርዱስ?

ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር እናንሳ። በነሐሴ 1988 በእንግሊዝ ዶኒንግተን በተካሄደው ‹ሞንስተርስ ኦፍ ሮክ› ከሁሉ መጀመሪያ፣ ገና በቀን ብርሃን የወጣው ባንድ ማን ነበር? ሄሎዊን። የዘጋውስ? አይረን ሜይደን። አሁን ወደ ቫከን ኑ። በ2008 ከዘጉት አንዱ አይረን ሜይደን። በ2010 አይረን ሜይደን። በ2016 አይረን ሜይደን። ያ ሁሉ ጭቃ በነበረበት በ2023ስ? አይረን ሜይደን! ሠላሳ አምስት ዓመት። የዶኒንግተን ዕለት የተወለደ ሕፃን ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ ቢመጣ መድረኩ ላይ የሚያገኘው ያንኑ ስም ነው።

እኛ አይረን ሜይደንን አንጠላም። እንዲያውም ሁለታችን ቲሸርቱ አለን። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ግን ይህ ወረፋ የሚሄድ ወረፋ ነው ወይ? ሰው ሁሉ «አዲሶቹ ገና ናቸው፤ ሕዝቡን አይዙትም» ይላል። ለምን አይዙትም? መዝጊያ ተሰጥቷቸው ስለማያውቅ። ለምን አልተሰጣቸውም? አይዙትም ስለተባለ። ሥራ ፍለጋ የወጣ ሁሉ ይህን አዙሪት ያውቀዋል፤ «ልምድ አምጣ» ይሉታል፣ ልምዱን የሚሰጠው ግን የለም።

በእርግጥ አዘጋጅ የራሱ ጭንቀት አለው። መብራት፣ ጥበቃ፣ መጸዳጃ፣ የባንዶቹ ክፍያ፤ ሁሉም ገንዘብ ነው፤ የማይሸጥ ስም ይዞ መክሰር አይፈልግም። ለትንሽ ፌስቲቫል ይህ ክርክር ይገባናል። ለቫከን ግን አይሠራም። በብዙ ዓመታት ትኬቱ የሚያልቀው የባንዶቹ ሙሉ ዝርዝር ሳይወጣ በፊት ነው። ሕዝቡ የሚመጣው ለፌስቲቫሉ ነው። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት አዘጋጅ ካልደፈረ ማን ሊደፍር ነው?

ሌላም አለ፤ ፓወር ሜታል በጉሮሮ የሚኖር ሙዚቃ ነው። ጊታር ተጫዋች በሰባ ዓመቱም ጣቱ ሊታዘዝለት ይችላል። ያ ጣሪያ የሚነካ ድምፅ ግን ዕድሜ ያስከፍላል። ዛሬ የምናመልካቸው ድምፃውያን አብዛኞቹ ስልሳን እየተጠጉ ወይም ተሻግረው ነው። የዛሬ አሥር ዓመት መዝጊያውን ማን ሊሸከም ነው? ዛሬ ያልተሸከመ ሰው ያን ቀን በድንገት ከየት ይመጣል?

እንግዲህ የእኛ ፖስተር ይኸውላችሁ። በአራት ድምፅ ለአንድ የጸደቀ ነው።

ብላይንድ ጋርዲያን አርብን ይዝጉ። በዚህ ላይ ጠብ የለም። ቅዳሜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማለትም በዚያ ወቅት በሰሜን ጀርመን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ሄሎዊን ይውጡ። ሁለት ሙሉ ሰዓት ይሰጣቸው። ከሁሉም የረዘመው ሰዓት የእነሱ ይሁን፤ እሳቱም ይሁን፤ ሦስቱም ድምፃውያን በየተራ ይዝፈኑ። ክብር በደቂቃ ይለካል እንጂ በተራ ቁጥር አይለካም። አባት ምርቃቱን ጨርሶ ይቀመጣል፤ ጭፈራው ግን በእሱ መቀመጥ አይቆምም።

ከዚያ በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ የመጨረሻዋን ሰዓት ለአንሊሽ ዘ አርቸርስ እንሰጣለን። «እነማን ናቸው?» የሚል አለ፤ ነገሩም እኮ ይኸው ነው! በ2007 በካናዳ የተመሠረተ ባንድ ነው። በ2020 ባወጡት «አቢስ» በተባለው አልበም የአገራቸውን ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት፣ ጁኖን፣ በሜታል ዘርፍ በ2021 ወስደዋል። ድምፃዊቷ ብሪትኒ ስሌይስ ስትጀምር ከፍ ያለው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ያላቸው ነገር ሁሉ ጥሩ ነው፤ የጎደላቸው እኩለ ሌሊት ነው።

ቢወድቁስ? ይውደቁ! ሕዝቡ ሄሎዊንን ጠግቦ፣ ደክሞ፣ ግማሹ ወደ ድንኳኑ ሊሄድ ይችላል። ግን የቀረው ግማሽ፣ ያ ፊት ለፊት የቆመው አርባ ሺህ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ «እኔ ነበርኩ» የሚለው ስለዚያች ሰዓት ነው። በ1988 በዶኒንግተን ሄሎዊን በቀን ብርሃን ሲጫወቱ በጊዜ ገብቶ ያየ ሰው ዛሬ እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው አስቡት።

አምስተኛችን፣ ያ ጃኬቱን ለብሶ የተቀመጠው፣ እስካሁን አልተስማማም። «አንድ ቀን ኪስከ ድምፁ ሲዘጋ፣ መጨረሻ ላይ ሳታወጡት በመቅረታችሁ ታዝናላችሁ» ይለናል። ሊሆን ይችላል። እሱ ያለው ሐዘን ይገባናል። እኛን የሚያስፈራን ሌላው ሐዘን ነው፤ አንጋፋዎቹ ሁሉ ተሰናብተው፣ መብራቱ በርቶ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ መድረኩ ላይ የሚወጣ ሰው የጠፋ ዕለት።

በነገራችን ላይ የዚያን ቀን ሒሳቡን የከፈለው ትንሹ ነው። ከእኛ ሁሉ መጨረሻ ደሞዝተኛ የሆነው እሱ፣ ሳንጠይቀው ከፈለ። ትልልቆቹ ዝም ብለን ዐየነው።

እናንተስ የቅዳሜን ማታ ለማን ትሰጡታላችሁ? በጠረጴዛችሁ ዙሪያ ተከራከሩበት። ብቻ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ።

ቸር እንሰንብት!