አጥሩ ከመሠራቱ በፊት የምንለው አለን



እንደሚታወቀው ባለፈው ስብሰባ ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ የአጥር ጉዳይ ነበር። የፊት ብሎኮችንና የኋላ ብሎኮችን የሚለይ የብሎኬት አጥር ይሠራ፤ የፊቱም የኋላውም የየራሱ በር ይኑረው፤ ገንዘቡ ከማኅበሩ ካዝና ወጥቶ የጎደለው ከየቤቱ ይዋጣ የሚል ሐሳብ ነው የቀረበው። የፊቶቹ ብሎኮች በዕጣ የደረሳቸው ባለቤቶች የሚበዙባቸው ናቸው። በኋላዎቹ ደግሞ የቀበሌ ቤታቸው ፈርሶ በኪራይ የገቡ ጎረቤቶቻችን ይበዛሉ። ውሳኔው በሚቀጥለው ስብሰባ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የምናስበውን በዚህ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግዴታችን ነው። ሳንሸፋፍን እንናገር፤ ይህ አጥር መሠራት የለበትም።

አጥሩን የጠየቁት ወገኖቻችን ክፉ ሰዎች አይደሉም። የመኪና ስፖኪዮ ተነቅሏል። በኳስ መስኮት ተሰብሯል። በዋናው በር ጉልት ተዘርግቶ መኪና ማስገባት ችግር ሆኗል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ማኅበሩም አቤቱታውን ተቀብሎ መዝግቧል። ነገር ግን ስፖኪዮውን የነቀለው ሰው ከኋላ ብሎክ ለመምጣቱ እስከ ዛሬ ማስረጃ ያቀረበ የለም። ሌባ እንደሆነ በአጥርም ይዘላል። በአጥር የማይዘል ጎረቤት ብቻ ነው።

ታዲያ ነገሩ የብሎኬትና የሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ሰውን በኑሮው እየለዩ እዚህና እዚያ ማስፈር ለዚች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ተሞክሮ አይተነዋል። ይህንንም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኋላ ብሎክ ከሚኖሩት ብዙዎቹ የመጡት በ2017 ዓ.ም. ከፈረሰው የካዛንቺስ ሰፈር ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከምን እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ፋሺስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወዲያውም ከተማዋን የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ እንደ አዲስ ለመሥራት ተነሣ። ለ ኮርቡዚዬ የሚባለው ስመ ጥሩ አርክቴክት እንኳ የአዲስ አበባን መሬት ሳይረግጥ ንድፍ ሥሎ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር። ሥራው ግን ለሁለት ኢጣሊያውያን፣ ለኢኛሲዮ ጉዊዲና ለቼዛሬ ቫሌ ተሰጠ። እነርሱ ያወጡት ፕላን መንገድም አደባባይም ነበረው። ዋናው ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ነጩና ጥቁሩ አብረው አይኑሩ። የአገሬው ሰው ወደ ምዕራብ ይሂድ፤ ገበያውም ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደዚያው ይሂድ ተባለ። ዛሬ መርካቶ፣ አዲስ ከተማ የምንለው ሰፈር እንዲህ ነው የተጀመረው።

ልብ በሉ፤ ያ ፕላን በወረቀት ላይ ሲሠመር፣ ከተማዋ ውስጥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀን ሕዝብ ተጨፍጭፏል፣ ጎጆ ከነሰው ተቃጥሏል። በሚያዝያ ወር 1929 ደግሞ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። መንገዱም፣ ቤቱም፣ ሕጉም የአንድ ሐሳብ ልጆች ነበሩ።

ለገዛ ሰዎቻቸውም ቢሆን ቤት የሠሩት እየለዩ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው የኢጣሊያ ድርጅት በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ነበር። ቤቶቹ ካዛ ኢንቺስ ተባሉ፤ ያው ካዛንቺስ ሆነ። ዝቅ ላለው ሠራተኛቸው የተሠራው ደግሞ ካዛ ፖፖላሬ ተባለ፤ ፖፖላሬ የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ካዛንቺስ ሲጀመር የኢጣሊያ ባለሥልጣን ሰፈር ነበር። አበሻ በዚያ ቢታይ አሽከር ሆኖ ወይም ግንበኛ ሆኖ ነው።

የእኛ ከተማ ጠባይ ግን እንዲህ አልነበረም። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። መኳንንቱ ግቢያቸውን ተከሉ፤ ወታደሩ፣ ሎሌውና ባለእጁ ዙሪያውን ሰፈረ። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር የምንለው ከዚያ ነው። እኩልነት ነበር ለማለት አይደለም፤ ጌታም ነበር፣ ሎሌም ነበር፣ ግፍም ነበር። ነገር ግን ጌታው የሎሌውን ቤት ልቅሶ በጆሮው ይሰማ ነበር። ትልቁ ቤትና የጭቃው ቤት አንድ መንገድ ይወጡ ነበር።

አንዳንዶች «ጣሊያን እኮ ጥሩ ሠርቷል፤ የሠራው ቤት አይፈርስም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ግንባቸው ጠንካራ ነው። አስመራን ብንመለከት ከዚህ የበለጠ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 የተሠራው፣ እንደ አይሮፕላን ክንፉን የዘረጋው የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ እስከ ዛሬ ሰው ቆሞ ያየዋል። ከተማይቱም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆናለች። ነገር ግን ያ ሁሉ ውበት ሲሠራ የአገሩ ተወላጅ በአባ ሻውል ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ከአደባባዩ ወዲህና ወዲያ ማን እንደሚኖር በፕላን የተወሰነ ነበር። እንግዲህ ግንበኛውን እናደንቅ፤ ሐሳቡን ግን አንውረስ።

ፕላኑ ምን ሆነ? አምስት ዓመት አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ተመለሰ። አብዛኛው ፕላን በወረቀት ላይ ቀረ። መርካቶ የሁሉም ገበያ ሆነ። ካዛንቺስም የሁሉም ሰፈር ሆነ። ከሰፈሩ አጠገብ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያ ነው። ነጭና ጥቁር አይቀላቀሉ ከተባለበት ሰፈር ሥር ማለት ነው! ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ቤት በቀበሌ ሥር ገባ። በኋላ ብሎክ ያሉት ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ በእነዚያ ቤቶች የተወለዱ ናቸው። ለባለሥልጣን ተብሎ በተጀመረው ሰፈር ቡና ሲቆላ ጎረቤት ሳይጠራ የማይጠጣበት ኑሮ የመሠረቱት እነርሱና ወላጆቻቸው ናቸው።

አሁን ከዚያ ተነሥተው እዚህ ደርሰዋል። ዕድራቸው ተበትኗል። የጉልት ደንበኛቸው ቀርቷል። የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሩቅ ሆኗል። እኛ ደግሞ «ተነሺዎች» የሚል ስም አወጣንላቸው። ሰው ስንት ዓመት ነው ተነሺ የሚሆነው? ቤት ተሰጥቷቸዋል፤ ሰፈር ግን አልተሰጣቸውም። ሰፈር የሚሰጠው ጎረቤት ነው። እኛ ልንሰጣቸው የተዘጋጀነው ታዲያ አጥር ነው?

ጥቅማችንንም ብናሰላው አጥሩ አይጠቅመንም። ኮሙናሉ ያለው በፊት ብሎኮች በኩል ነው። አጥሩ ቢሠራ የኋላ ብሎክ ሰው ድንኳኑን የት ይተክላል? በጓሮ በኩል ያለው ገደል ነው፤ የእሳት አደጋ መኪናም አምቡላንስም የሚገባው በዋናው በር ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እህታችን በሌሊት ምጥ ሲይዛት የወሰዳት የፊት ብሎክ ጎረቤት መኪና ነው። የወጣውም በዋናው በር ነው። አጥሩ ኖሮ ቢሆን መኪናው በየት ይዞር ነበር? የፊት ብሎክ እናቶች በሥራ ሲውሉስ ልጆቻቸውን የሚጠብቁላቸው እነማን ናቸው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው በከንቱ አይደለም።

ለኋላ ብሎክ ነዋሪዎችም የምንለው አለን። የጥበቃ መዋጮ ያልከፈላችሁ አላችሁ። ቆሻሻ በመስኮት የምትጥሉም አላችሁ፤ የፍሳሹ ቱቦ የተደፈነው በዚህ ነው። «እኛ ተከራይ ነን፣ አያገባንም» ማለት አጥሩን በገዛ እጅ መሥራት ነው። መብት የሚጠይቅ ግዴታውንም ይወጣ።

ስለዚህ ለአጥሩ የታሰበው ገንዘብ ለሚከተለው ሥራ እንዲውል ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ/ በመኪና ማቆሚያውና በኋላ ብሎኮች መካከል መብራት ይተከል። ስፖኪዮ የሚነቀለው በጨለማ ነው።

2ኛ/ የሌሊት ጥበቃው አንድ የነበረው ሁለት ይሁን፤ መዋጮውም ለባለቤትም ለተከራይም እኩል ይሁን።

3ኛ/ ጉልቱ ከበሩ ላይ ተነሥቶ በአጥር ግቢው ውጭ፣ በእግረኛው መንገድ ዳር ሳይሆን በኮሙናሉ ጓሮ ባለው ባዶ ቦታ ይሁን። ሴቶቹ የዕለት እንጀራቸው ነውና ዝም ብሎ ማባረር አይገባም።

4ኛ/ ለልጆች ኳስ ከመስኮት የራቀ ቦታ ይከለል።

5ኛ/ ከኋላ ብሎኮች ሁለት ሰው ተመርጦ ኮሚቴው ውስጥ ይግባ። እስካሁን አንድም ሰው አለመኖሩ የእኛ የኮሚቴው ጥፋት ነው፤ እናምናለን።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ብዙም አልተማርንም። ግን አንድ ነገር ገብቶናል። ጉዊዲና ቫሌ የአዲስ አበባን ሰው ሳይጠይቁ ማን የት እንደሚኖር በመስመር ከፈሉ። እኛም ባለፈው ስብሰባ ላይ ይህን አጥር ስናነሣ የኋላ ብሎክን ሰው አልጠራንም። መልካችንና ቋንቋችን አንድ ስለሆነ ሥራው ሌላ አይሆንም። በዚህ ማፈር ያለብን እኛው ነን።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኮሙናሉ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ተጠርቷል፤ ባለቤትም ተከራይም። የሚቃወመንም መጥቶ ይቃወመን። ሳይመጣ ቀርቶ በኋላ በየደረጃው ላይ ቆሞ የሚያማ ሰው ግን ማኅበሩን ሳይሆን ራሱን ይውቀስ።

በር አንድ፣ ሰፈር አንድ ይሁን!

የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ