ሺሕ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲቀጠር

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ስለ መቀነት ብቻ አይደለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ መቶ ሰው መዝግቦ፥ ፈትኖና ቀጥሮ እንዲያቀርብ የሚታዘዝ የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባ ይህን ተረት ከጠረጴዛው ላይ ጽፎ ቢያኖረው ይጠቅመዋል እንላለን።

ነገሩን ከማጀቴ እንጀምር። የአባቱ መሬት ለወንድማማች ሲካፈል የማይበቃው የይፋት ወጣት ትምህርቱን በጨረሰ ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በሁለት አቅጣጫ ነው፤ ይኸውም ወደ ደቡብ ወደ ደብረ ብርሃን፥ ወደ ሰሜን ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ነው። የኮምቦልቻው የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም.፥ የደብረ ብርሃኑም በ2011 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ወጣቱ የቅጥር ማስታወቂያ መውጣቱን እንደ ሰማ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ፥ የመሳፈሪያ ገንዘብ ከዘመድ ተበድሮ፥ ከቆላው ሙቀት ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ይወጣል። ጋቢ ይዞ ከሆነ ዕድለኛ ነው።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው መዝጋቢም ብዙ ጊዜ እንደ እርሱው ወጣት ነው። ከጧት እስከ ማታ ስም ሲጽፍና ማስረጃ ሲያመሳክር ይውላል። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ የሰው ፊት አይታየውም፤ የሚታየው ቍጥር ነው። አለቃውም ማታ የሚጠይቀው «ስንት ቀጠርህ?» ብሎ ነው እንጂ «ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ይቆያል?» ብሎ አይደለም። በእኛ አስተያየት የድካሙ ሁሉ ሥር ይህች ሳትጠየቅ የምትቀር ሁለተኛዪቱ ጥያቄ ናት።

በዚህ ረገድ ሐዋሳ ታላቅ ትምህርት ቤት ሆና አልፋለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ እስከ 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ስለ ነበር፥ ወጣቶች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ ከየቀበሌውና ከየወረዳው እየተመዘገቡ ይላኩ ነበር። ሆኖም በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አጥኚዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ባወጡት ጽሑፍ፥ መነሻ ደመወዙ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደ ነበረና፥ ፋብሪካዎቹም በመጀመሪያው ጊዜ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ የመተካት ያህል ይቀጥሩ እንደ ነበር ገልጸዋል። አሜሪካ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነጻ ገበያ ኢትዮጵያን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ካስወጣች ወዲህ የፓርኮቹ ሁኔታ ቢለወጥም፥ ትምህርቱ አላረጀም።

ከዚህም በቀር ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺሕ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሥራውን ካገኙት ውስጥ ከሦስት አንዱ ወር ሳይሞላው፥ ከመቶ 77ቱ ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው መልቀቃቸውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል። እንግዲህ መዝጋቢው በሚያዝያ የሚደክመው በጥቅምት የቀጠራቸውን ለመተካት ነው ማለት ነው። ሽንቁር እንስራ የያዘች ሴት ወደ ምንጭ ፈጥና ብትመላለስ ድካሟ ይበዛል እንጂ ውሃዋ አይሞላም።

ይህ ግን በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ የፎርድ አውቶሞቢል ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913፥ 14,000 ያህል ሠራተኛ ለማቆየት ሲል በዓመቱ ከ52,000 በላይ ሰው ቀጥሮ ነበር። በጥር 1914 የቀን ደመወዙን ወደ አምስት ዶላር ከፍ ሲያደርግና የሥራውን ሰዓት ወደ ስምንት ዝቅ ሲያደርግ የሚለቀው ሰው ቍጥር እጅግ ቀነሰ። ቀጣሪው ክፍል ያረፈው ጽሕፈቱን በማፋጠኑ ሳይሆን፥ ሠራተኛው የሚቆይበት ምክንያት በማግኘቱ ነው።

«ደመወዝ የምንወስነው እኛ አይደለንም፤ የታዘዝነውን ቍጥር እንሞላለን» የሚሉን ባልደረቦች ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን በእጃቸው ያለ ሦስት ነገር አለ።

መጀመሪያ፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፥ ምዝገባውና የማስረጃው ማመሳከር በየወረዳው ቢከናወን፥ በማጀቴ ያለው ወጣት ተበድሮ ለከንቱ ከመንከራተት ይድናል፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ለፈተናውና ለቃለ መጠይቁ ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛ፥ ከመፈረሙ በፊት እውነቱ ይነገረው። ተቆራጩ ወጥቶ በእጁ የሚገባው ስንት ነው? በከተማው አንድ ክፍል ቤት በስንት ይከራያል? የሌሊት ተራስ አለበትን? ይህን ሰምቶ የሚመለስ ሰው ቢኖር፥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሚለቀው ይልቅ ለራሱም ለመሥሪያ ቤቱም ጉዳቱ ያነሰ ነው። ሦስተኛ፥ ከቀጠሮ መዝገቡ አጠገብ የለቃቂዎች መዝገብ ይኑር፤ ማን፥ መቼ፥ ስለ ምን ለቀቀ የሚለው በአጭሩ ይጻፍበት። ደመወዝ ለሚወስነው አለቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያቀርብለት የለም።

ስላልተመረጡትም አንድ ቃል እንጨምር። እኛ ከዩኒቨርሲቲ በወጣንበት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ሦስት ቀን ተሰልፈን ማስረጃችንን አስረክበን ነበር፤ እስከ ዛሬ «አልተመረጣችሁም» የሚል መልስ እንኳ አልደረሰንም። ያን ጊዜ መዝጋቢዎቹን አማናቸው። ዛሬ ስናስበው ግን እነርሱም ከዶሴው ክምር በታች እንደ ነበሩ እንረዳለን። ቢሆንም የስም ዝርዝር በግድግዳ ላይ መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መልስ ያጣ ወጣት ግን ሌላ ሥራ ሳይፈልግ ወራት ይጠብቃል።

ነገ በዚያ ጠረጴዛ የምትቀመጡ ተማሪዎች፥ ዛሬም የተቀመጣችሁ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፥ ማታ መዝገቡን ስትዘጉ ስንት እንደ ቀጠራችሁ ብቻ አትቍጠሩ። ከማጀቴ የመጣው ልጅ በሚመጣው ዓመት በዚህ ወር ከሥራው ላይ ይገኝ እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ መዝጋቢ የዛሬው ሥራ ጥቂት ቢዘገይበትም፥ የሚመጣው ዓመት ሸክም ይቀልለታል።