«ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል ለምን እንደነግጣለን?

ባለፈው ሳምንት ደምበል አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጬ ጽሑፍ እየጨረስኩ ነበር። አጠገቤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል። ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል። «ትከሻህን ቀና አድርግ፣ ዓይን ዓይኑን እየው፣ እጁን ጠበቅ አድርገህ ጨብጠው» የሚል ምክር ነው። ትንሽ ቆይቶ ሒሳቡን ከፈለና እዚያው አካባቢ ወዳለ ቢሮ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄደ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ።

«እንዴት ሆነልህ?» አልኩት።

«ብሮ፣ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ላይ ነው ያለቀልኝ» አለኝ።

ጥያቄዋ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» የምትል ነበረች። የእሱ መልስ ደግሞ «ሁሉም ሲቪዬ ላይ አለ»።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ስለ መመረቂያ ሥራው ጠየቅኩት። የተማረው ሲቪል ምህንድስና ነው። ሶፍት ላይ እየሳለ፣ ስለ ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ዐሥር ደቂቃ ያህል አስረዳኝ። በምሳሌ ነው የሚያወራው፤ እጁም ፊቱም አብሮ ይናገራል። ምህንድስና የማላውቀው ሰውዬ ገባኝ። ጠያቂዎቹ ይሄን ልጅ አላዩትም።

«በራስ መተማመን የለውም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነው ባይ ነኝ፤ ያስተማርነውን ነው መልሶ የሰጠን።

እስኪ እናስበው። ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጅ «ሂድ ውጭ ተጫወት» ይባላል። ዝም ያለው «ጨዋ» ነው፤ ጥያቄ የሚያበዛው «አፈኛ»። ሴት ከሆነች ደግሞ «ዓይን አውጣ» ይጨመርላታል። «ደፋር» የሚለው ቃል ራሱ ለወንድ ሙገሳ፣ ለሴት ስድብ ሆኖ ይኖራል። ክፍል ውስጥ ተሳስቶ የመለሰ ልጅ ይሳቅበታል፤ ከዚያ በኋላ እጁን አያወጣም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶም የቡድን ሥራ የሚያቀርበው ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው። ስለ ራስ መናገርማ ጉራ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ አሳድገነው ስናበቃ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰው ፊት አስቀምጠን «ራስህን አስተዋውቅ» እንለዋለን። ያውም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለው ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎም ነበር። እኛ ለልጆቻችን ያወረስነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት ገበያው አይቶታል። በሁለት ቀን ሥልጠና ግርማ ሞገስ እናላብሳችኋለን የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። ሥልጠና ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። «ካሪዝማ» የሚለው የግሪክ ቃል መነሻው «ጸጋ» ማለት ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎቻችን ወይ አብሮ ይወለዳል ወይ አይገኝም ብለን የምናምነው። ይሁንና በስዊዘርላንድ የሎዛን ዩኒቨርሲቲው ጆን አንቶናኪስና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የሠለጠኑ ሰዎች ከሥልጠናው በኋላ የበለጠ ግርማ ሞገስ ታይቶባቸዋል። የሠለጠኑበት ነገር ምሥጢር አይደለም። በምሳሌ መናገር፣ ታሪክ መጥቀስ፣ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ማነጻጸር፣ አድማጭን በጥያቄ መያዝ፣ ነገርን በሦስት መክፈል፣ ድምፅን፣ ፊትንና እጅን ከንግግሩ ጋር ማስኬድ ነው።

ይህን ዝርዝር ሳነብ ትዝ ያለኝ በላ ልበልሃ ነው።

የጥንቱ ሙግት በአደባባይ፣ ብዙ ጊዜም በዛፍ ጥላ ሥር ይካሄድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ነገራቸውን በምሳሌና በቅኔ እያዋዙ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገታሉ። ሕዝቡ ከቦ ያዳምጣል። መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ ይችል ነበር። አንደበት የሚሞረደው ሰው ፊት፣ ደጋግሞ በመስማትና በመሞከር ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪም ቅኔውን የሚያቀርበው መምህሩ ፊት ነው፤ ከተበላሸ ይታረማል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይሞክራል።

ያንን ዘመን ላስጊጠው አልፈልግም። አፈ ጮማው ባለ እውነቱን የሚረታበት ጊዜ ነበር፤ ሴቱም ድሃውም እኩል አልተሰማም። መመለስ ያለበት ሙግቱ አይደለም። አንድ ነገሩ ግን ይናፍቀኛል፤ ተራ ነበረ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ይመልሳል። ዛሬ የጎደለን ይህ ይመስለኛል። በራስ መተማመን ብቻውን መስታወት ፊት አይበቅልም። ተሳስቶ የማይዋረድበት ቦታ፣ የሚሰማው ሰውና ተራ ያስፈልገዋል።

«የሚለፈልፍ መች አነሰን?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አላነሰንም። ግን ማይክ የሚበዘብዙት ጥቂቶች የሚበዙት ሌላው ዝም ስለሚል ነው። ዝምታው ደግሞ ሥራ ብቻ አይደለም የሚያስቀረው። ወረዳ ሄዶ «ይህ ይገባኛል» ለማለት የሚፈራ፣ ሐኪሙን «መድኃኒቱ የምን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚወጣ፣ ያልተከፈለ ደመወዙን የማይጠይቅ ስንት ሰው አለ?

ስለዚህ ሦስት ነገር ልበል።

ለወጣቱ፦ ከቃለ መጠይቅ አትጀምር። ከዕድር ስብሰባ፣ ከማኅበር፣ ከጓደኞችህ ጠረጴዛ ጀምር፤ በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ። ሁሉም የሚያይህ ከመሰለህም ተሳስተሃል። በአሜሪካ የተሠራ ሌላ ጥናት ነበር። ተማሪዎች የሚያሳፍር ቲሸርት ለብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ግማሽ ያህሉ ሰው እንዳየባቸው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር።

ለወላጅና ለመምህር፦ እንግዳ ሲመጣ ልጁ ተቀምጦ አንድ ነገር ያውራ። ተሳስቶ የመለሰውን ከማረምህ በፊት ስለሞከረ አመስግነው።

ለቀጣሪ፦ የምትፈልጉት መሐንዲስ ከሆነ ስለ ሠራው ሥራ ጠይቁት፤ ወረቀትና እስክሪብቶም ስጡት። ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ በአማርኛ ይመልስ። ያኔ የምትመዝኑት ችሎታውን ይሆናል።

ልጁ ሲሄድ ያቺን የሳለባትን ሶፍት ጠረጴዛው ላይ ትቷት ነበር። ጠርቼ ሰጠሁትና «በሚቀጥለው ይዘሃት ግባ» አልኩት። እየሳቀ አጣጥፎ ኪሱ ከተታት።